ፈጣሪን የሚሰርዘው ዋና አዘጋጅ

ለጭቁኖች ቆሜያለሁ በሚል ጋዜጣ ሁሉ ውስጥ ከእግዜር ጋር የግል ጠብ ያለው አንድ ሰው አለ። ይኖር ይሆናል አላልኩም፤ አለ ነው ያልኩት። ጋዜጣው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ አንባቢው መቶ ይሁን መቶ ሺህ፣ ያ ሰው ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀይ እስክሪብቶውን እየሳለ ታገኙታላችሁ። ምእመናን ፈጣሪያቸውን የሚያስታውሱት በሳምንት አንዴ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ ሲታመሙና ልጃቸው ፈተና ሲቀመጥ። ይህ ሰው ግን ጠዋት እንቅልፉ ካይኑ ሳይለቅ ጀምሮ ስለ እሱ ያስባል፣ ስለ እሱ ያነባል፣ ስለ እሱ ይጨቃጨቃል፣ ምሳ ሲበላም ስለ እሱ ያወራል። እንዲህ ያለ ታማኝነት እኔ በየትኛውም ጸሎት ቤት አላየሁም።

የእኛው ክቡር ጓድ ዋና አዘጋጃችን ነው። «እርስዎ» እና «እሳቸው» የፊውዳል ትራፊ ናቸው ብሎ ስለከለከለን በዕድሜ ሃያ ዓመት የሚበልጠኝን ሰው «አንተ» እያልኩ ነው የኖርኩት። አንዳንዴ አፌን አዳልጦኝ «ጋሼ» ስለው በመነጽሩ በላይ ያየኝና «ጋሼህ ቤትህ ነው ያለው፤ እዚህ ጓድ ነኝ» ይለኛል። እሱ በሌለበት ግን ሁላችንም «ጓድ ማስረጃ» ነው የምንለው፤ አፉን በከፈተ ቁጥር የምትወጣው «ማስረጃ አምጣ!» የምትለው ቃል ናትና። ዝናብ ሊመጣ ነው ብትሉት እንኳ ወደ ሰማይ ቀና አይልም። «ማን አለ?» ይላል።

ዝግጅት ክፍላችን ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። መስኮቱ የሚከፈተው በማንኪያ ነው፤ በሩ የሚዘጋው በትከሻ ነው። ከታች መዶሻ፣ ከላይ ክርክር፤ ጠዋት ስገባ የትኛው እንደሚብስ መለየት ያቅተኛል። በዚህ ቤት እኔ ዓምደኛና ዘጋቢ ነኝ። አማኝም ነኝ፤ ይህን በሌላ መሥሪያ ቤት ብናገር ማንም ቀና ብሎ አያየኝም፤ በእኛ ዘንድ ግን ጫማ ሳያወልቁ አልጋ ላይ እንደመውጣት ያለ ነገር ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ስለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ጻፍኩ። ሰውየው «እግዜር ይመስገን፣ ዘንድሮ ምድጃው አልተበላሸብንም» ብሎኝ ነበር። ጓድ ማስረጃ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳ።

«ምድጃውን የጠገነው እግዜር ነው?»

«ኧረ ሰውየው እንዲህ አለኝ እንጂ…»

«እኮ! በሦስተኛ ወገን ላይ የቀረበ ውዳሴ ነው። ሦስተኛውን ወገን አግኝተህ አነጋግረሃል?»

«ማንን? እግዜርን?»

«ካላገኘሃቸው ‘መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም’ ብለህ መጻፍ ነበረብህ» አለና ጭረት ግጥም አደረገበት።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ሰው በዓለም ላይ «እሳቸው» ብሎ የሚያከብረው አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም የሉም ብሎ ነው የሚያምነው። ጋዜጣው ሲወጣ ጋጋሪው «ለጥገና ሠራተኞች ምስጋና ይግባቸውና ምድጃው አልተበላሸም» እንዳለ ተደርጎ ታተመ። በማግስቱ ሰውየው ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ «የትኞቹ ሠራተኞች ናቸው? የምንጠግነው እኮ እኔና ወንድሜ ነን» ብሎ አፋጠጠኝ። ጓድ ማስረጃም አዳመጠው፤ ሲጨርስ ሻይ አዘዘለትና በሚቀጥለው እትም «ለጋጋሪውና ለወንድሙ ምስጋና ይግባቸውና» ብሎ አረመው። እግዜር ግን እንደተሰረዙ ቀሩ።

በቢሯችን ጓድ መሆን ያልቻሉ አንድ ሴት ብቻ አሉ፤ አራሚያችን። እትዬ ነው የምንላቸው፤ ጓድ ማስረጃም ሠላሳ ዓመት ታግሎ በመጨረሻ እጁን ሰጥቶ እትዬ ይላቸዋል። የአሮጌ ጋዜጣ አቧራ ያስነጥሰዋል። ባስነጠሰ ቁጥር እትዬ ካቀረቀሩበት ቀና ሳይሉ «ይማርህ» ይላሉ።

«ማን ነው የሚምረኝ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሐኪም እንደሆነ አልቻለህም፤ የቀረውን አንተው ቁጠር።»

ይሄ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይደጋገማል። እትዬ አንድ ቀን ታመው የቀሩ ጊዜ ጓድ ማስረጃ አስነጠሰና ዝም ብሎ ጠበቀ። ማንም ምንም አላለም። ወንበራቸውን አየ፣ አፍንጫውን ጠረገና ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ገዝቶ ሊጠይቃቸው ሄደ።

የማተሚያ ማሽን ሠራተኛችን አባት የሞቱ ዕለት ደግሞ ሁላችንም በአንድ መኪና ታጭቀን ለቅሶ ሄድን። መንገዱን ሁሉ ጓድ ማስረጃ ተጨንቆ ነበር። «‘እግዜር ያጥናችሁ’ ማለት አልችልም፤ ግብዝነት ነው» አለ። እትዬም «ታዲያ ዝም በላ» አሉት። «ዝም ማለትም ጭካኔ ነው» አለ፤ አንገቱን ደፍቶ። እቤት ስንደርስ ተራው ደርሶ ከባልቴቲቱ ፊት ቆመ። እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ታሪክ ያጥናችሁ» አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ባልቴቲቱ ጥቂት አሰብ አደረጉና «አሜን» አሉ። ጓድ ማስረጃ ድንግጥ ብሎ የሚገባበት ጠፋው። ደግ ደጉን ቃል በወጉ ያልነው እኛ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሹልክ ሹልክ ብለን ወጣን። እሱ ሦስት ቀን እዚያው ሰነበተ፤ ወንበር ተሸከመ፣ ብርጭቆ አጠበ፣ እንግዳ ሸኘ። አራተኛው ቀን ቢሮ ሲመጣ ድምፁ ተዘግቶ ነበርና ለአንድ ጠዋት ማስረጃ ሳንጠየቅ ሠራን።

ትልቁ ፍልሚያችን ግን በጋዜጣችን የድምፅ ዝግጅት፣ በፖድካስቱ ነበር። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅለን ነው የምንቀዳው። ርዕሱን ያወጣው እሱ ነው፤ «ግራ ዘመም ሰው ማመን ይችላል ወይ?» እሱ አይችልም ባይ፣ እኔ ይችላል ባይ ሆነን ሦስት ሳምንት ተፋጠጥን። እሱ ከታሪክ እየመዘዘ ለባለ ሥልጣን ያጎነበሱትን የሃይማኖት ሰዎች ሁሉ በየተራ አቀረበብኝ፤ ብዙው እውነት ስለነበር ዝም ብዬ ሰማሁት። እኔ ያቀረብኩት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያሳደገችኝን አክስቴን።

«እኔ ግራ ዘመም የሆንኩት በመጽሐፍ አይደለም» አልኩት። «አክስቴ ከጸሎት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ሄዳ የፋብሪካውን በር ይዘው ከቆሙት አድማ መቺዎች ጋር ትቆም ነበር። ለምን እዚያ ትሄጃለሽ ስላት ‘አሁን ያልኩትን ነገር አምኜበት ከሆነ ሌላ የት ልሂድ?’ አለችኝ።»

ወደ መቅጃው ጎንበስ አለ። ከዚያ «ስሜት ነው፤ ማስረጃ አይደለም» አለና መቅጃውን አጠፋው። እንዳጠፋው ግን «አክስትህ በሕይወት አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሉም አልኩት። በዚያ ቀን ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

የአድማጭ ደብዳቤ ጎረፈ። ግማሹ «የእናቴን እምነት የሚያንቋሽሽ ጋዜጣ እቤቴ አላስገባም» ይላል። ግማሹ «ጋዜጣችንን ጸሎት ቤት ያደረገውን ያንን ዓምደኛ አባሩልን» ይላል። ጋዜጣውን የሚያስተዳድረው ኮሚቴም ከሁለተኞቹ ጋር ወግኖ ዓምዴ እንዲቋረጥ ጠየቀ። ጓድ ማስረጃ በአንድ መስመር መለሰ፤ «እሱን ከወሰዳችሁብኝ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?» ዓምዴ ቀጠለ። አመሰግናለሁ አላልኩትም፤ እሱም የጠበቀ አይመስለኝም።

እስካሁን ያወራሁት የምታውቁትን ዓይነት ሰው ነው። አሁን ደግሞ የማታውቁትን ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም ለዚሁ ነው።

በከተማው ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ አርባ ሁለት ሴቶች አንሶላ ያጥባሉ። በረኪና ውስጥ ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ነክረው ስለሚውሉ የጣታቸው ቆዳ ይላላጣል። ከዓመት በላይ ጓንት ጠየቁ፤ ከዓመት በላይ «እየታየ ነው» ተባሉ። ሲመርራቸው አንድ ዘዴ አገኙ። በየማለዳው ሥራ ከመግባታቸው በፊት በሆስፒታሉ የጀርባ በር ላይ ቆመው ጮክ ብለው ስለ ጓንት ይጸልዩ ጀመር። ሐኪሙም፣ አስታማሚውም፣ ሾፌሩም በዚያ ሲያልፍ ይሰማል። አስተዳደሩ ተናደደ፤ ግን ምንም ማድረግ አልቻለም። የሆስፒታሉ ደንብ ያለ ፈቃድ መሰብሰብን ይከለክላል፤ ከሥራ ሰዓት በፊት መጸለይን ግን ይፈቅዳል።

ይህን ያስረዱኝ ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ እማማ የሚሏቸው ሴት ናቸው። «ጸሎት ስለሆነ ነው የማይነኩን፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም ዘገባዬን «ሴቶቹ በየማለዳው በሆስፒታሉ የጀርባ በር ቆመው ይጸልያሉ» ብዬ ጀመርኩት። የደንቡን ነገር ግን አልጻፍኩም። ጸሎት በዛበት እንዳልባል ፈርቼ ነው።

ጓድ ማስረጃ ገጹን አነበበ። ዓይኑ በራ፤ ጉዳዩ ልቡን ነክቶታል። «ይሄ ነው ጋዜጠኝነት!» አለ። ከዚያ ቀዩ እስክሪብቶ መጀመሪያው መስመር ላይ ወረደ። «ይጸልያሉ» ወጣና «ተሰብስበው ጥያቄያቸውን በአንድ ድምፅ ያሰማሉ» የሚል ገባ።

«አየህ፣ አሁን አጥንት አገኘ» አለኝ።

በቤታችን አንድ ደንብ አለ፤ ያወጣውም እሱ ራሱ ነው። የማንም ጽሑፍ ከተነካ ጸሐፊው ለውጡን አይቶ ከገጹ ግርጌ በስተግራ ይፈርማል። የሰው ቃል ባለቤቱ ሳያውቅ እንዳይለወጥ ነው። ገጹን አየሁት። ለውጡ ምን ሊያመጣ እንደሚችል የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እሱ አያውቅም። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንከራከር ከርመን ደክሞኝ ነበር። ሌላ ክርክር አላሰኘኝም። ፈረምኩ።

ጋዜጣው ሐሙስ ወጣ። ዓርብ ጠዋት አስተዳደሩ ያንን ገጽ በጀርባው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው፤ «ተሰብስበው» የሚለው ቃል ተሰምሮበታል። ከሥሩ፣ ያለ ፈቃድ ስብሰባ አስተባብረዋል በሚል ከሥራ የታገዱ የሦስት ሴቶች ስም ተጽፏል። የመጀመሪያው የእማማ ነበር።

እማማ በዚያው ቀን ጋዜጣውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ቢሯችን መጡ። ደረጃው አድክሟቸው በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ።

«ይህንን ቃል የጻፈው ማነው?»

እኔ ወረቀት የማገላብጥ መሰልኩ። ጓድ ማስረጃ ከወንበሩ ተነሳ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ልጄ፣ እኛ ስንጸልይ አይተኸን ታውቃለህ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ስብሰባ ነው ያለህ ማነው?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማስረጃ ሲጠየቅበት በኖረው ክፍል ውስጥ ማስረጃ ጠያቂዋ እሳቸው ሆኑ። እትዬ ብዕራቸውን አስቀመጡ። እማማ አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። «ስብሰባ ነው ብለው ሦስታችንን አገዱን። እኔስ ጡረታዬ ደርሷል» አሉ። «ሁለቱ ግን ገና ልጅ ያሳድጋሉ። ለእነሱ ነው የመጣሁት።» ወንበር ሰጠናቸው፤ አልተቀመጡም። ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ጓድ ማስረጃ ጋዜጣውን አንስቶ መጀመሪያውን መስመር ደግሞ አነበበ። በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ጸሎት በመሆኑ ነበር የማይነኳቸው። ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

በማግስቱ ማለዳ ሴቶቹ ከሆስፒታሉ ቅጥር ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው እግረኛ መንገድ ላይ ሆነው ሲጸልዩ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ከመብራት ምሰሶው ሥር ቆሞ በደብተር ይጽፍ ነበር። የሚሉትን ቃል በቃል፣ አንድም ሳያስቀር። በነጋታውም መጣ። በሦስተኛው ቀን እኔም ሄጄ ከሱቅ ጥግ ሆኜ አየሁት። ዝናብ ይዘንባል፤ ከሴቶቹ አንዷ ላስቲክ ደርባለታለች። ጸሎቱ ሲያልቅ ጠጋ ብሎ «‘ፈውስ ስጠን’ ያላችሁት ለእጃችሁ ነው ወይስ ለሕመምተኞቹ?» ብሎ ጠየቃት። «ለሁለቱም ነዋ» አለችው። «እንግዲያው ሁለቱንም እጽፋለሁ» አለና ጻፈ። ዘጠኝ ማለዳ እንዲሁ ቆመ።

በዚያው ሳምንት በፊት ገጽ ላይ እርማት ወጣ፤ «ባለፈው እትም ስብሰባ የተባለው ጸሎት ነው። ስህተቱ የዋና አዘጋጁ ነው።» ኮሚቴው ስልክ ላይ ጮኸ። የግራ ጋዜጣ በፊት ገጹ ለጸሎት ምስክር ይሆናል ወይ? አሉት። ሴቶቹ ጉዳዩን ወደ ሥራ ክርክር ቦርድ ወስደውት ስለነበር እዚያ ሄዶ እንዳይመሰክርም አስጠነቀቁት። «ሦስት ሰው ከሥራ ያሳገድኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይሂድ?» አለና ዘጋው።

የቦርዱ ክፍል ጠባብ ነበር። ሴቶቹ የታጠበ የሥራ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እኔና እትዬ ከኋላ ነን። ሰብሳቢው ቅዱስ መጽሐፉን ገፋ ቢያደርጉለት ጓድ ማስረጃ በአክብሮት መለሰና «በክብሬ ቃል እገባለሁ» አለ። የሆስፒታሉ ጠበቃ ፈገግ አለ። ያገኘው መስሎታል።

«እግዚአብሔር አለ ብለው ያምናሉ?»

«አላምንም።»

«ታዲያ የሌለ ነገር የሚለመንበትን ነገር ጸሎት ነው ብለው እንዴት ይመሰክራሉ?»

«እኔ ሰሚው የለም ነው የምለው። የሚናገሩት ግን አሉ፤ እነዚያው ተቀምጠዋል።»

«ጋዜጣዎ ስብሰባ ነው ብሏል። የዋሹት ያን ጊዜ ነው ወይስ ዛሬ?»

«ያን ጊዜ።»

እንዲህ ቀለል አድርጎ ነበር ያለው። ከዚያ ደብተሩን አወጣ። ቀንና ሰዓቱን ጠቅሶ ማንበብ ጀመረ፤ ዜና በሚያነብበት በዚያው ደረቅ ድምፅ። «ጌታ ሆይ፣ በዛሬው አንሶላ ላይ የሚተኛውን ሰው ማርልን። እጃችንን ጠብቅልን። ጓንቱን አንተ አምጣልን። የግዢ ክፍሉን ኃላፊ ልቡን አራራልን፤ ሚስቱ ታማለች ተብሏልና እሷንም አድናት።» በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ሴቶቹ ሳያስቡት «አሜን» ይላሉ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ፤ ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ «አሜን» አመለጣቸው። ጠረጴዛው ሁለተኛ ጊዜ አልተመታም።

ዘጠነኛው ቀን ላይ ደረሰ። «ጌታ ሆይ፣ ያንን ከምሰሶው ሥር ቆሞ የሚጽፈውን ሰውዬ…» አለና ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ያዘው። «ያንን ከምሰሶው ሥር ቆሞ የሚጽፈውን ሰውዬ ብርድ እንዳይመታው ጠብቀው። ሳያውቅ ነው ያደረገው፤ አትያዝበት። አሜን።» የመጨረሻዋ ቃል ደብተሩ ላይ ስለነበረች እሷንም አነበባት። እማማ በሻርፓቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እትዬም ጠረጉ። እኔ ወለሉን አየሁ፤ የዚያ ጸሎት ይቅርታ ለሱ ብቻ እንደማይበቃ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩና።

ጠበቃው አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር።

«ይህንን ለውጥ ሲያደርጉ ከእርስዎ ሌላ አይቶ የተስማማ ሰው አለ?»

ከእትዬ ትከሻ ኋላ ሸሸት አልኩ። ስሜ ከተነሳ፣ ሴቶቹን በአካል ያነጋገረው ዘጋቢ ራሱ ስብሰባ መሆኑን በፊርማው አጽድቋል ሊባል ነው። የሦስቱ ሴቶች ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። ጓድ ማስረጃ ወደ እኔ አልዞረም።

«እስክሪብቶው የነበረው በእኔ እጅ ነው» አለ።

«ጥያቄዬ እሱ አይደለም…»

«መልሰዋል፤ ይበቃል» አሉ ሰብሳቢው።

ምስክርነቱ በተሰማ በአሥረኛው ቀን ውሳኔው ተነበበ። ጸሎት ነው፤ ሦስቱም ወደ ሥራቸው ይመለሱ። ጓንትም መጣ፤ ግን መጠኑ ለሕፃን እጅ የሚሆን ነው። ሴቶቹ አሁንም በየማለዳው በጀርባው በር ይቆማሉ፤ አሁን የሚለምኑት ስለ ልኩ ነው።

ጓድ ማስረጃ ግን ከዋና አዘጋጅነቱ ተነሳ። ኮሚቴው በደብዳቤው ላይ ስለ ውሸቱ አንድም ቃል አልጻፈም። ጥፋቱ «ከጋዜጣው አቋም ጋር የሚጻረር ጽሑፍ በአደባባይ ማንበብ» ተብሏል። አሁን ከእትዬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ፊደል ያርማል። አላጉረመረመም። በእሱ ቦታ ደግሞ ተጠባባቂ ሆኖ የተሾመው ማን መሰላችሁ? እኔ።

ደብዳቤው የመጣ ቀን ደረጃው ላይ አግኝቼ «ፊርማዬን ለምን አላነሳህም?» አልኩት።

«አንስቼ ቢሆን ሴቶቹ ምን ያገኙ ነበር?»

«አሁንስ? አሁን ውሳኔው አልቋል። ለኮሚቴው ለምን አትነግራቸውም?»

«ፊርማው ያንተ ነው» አለ። «የሰው ፊርማ እኔ እንዴት አወራለሁ?» ኮፍያውን አደረገና ወረደ።

ይኸውና እኔው አወራሁት። ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣ የዚያ ዕለት ገጽ ከበሩ በስተቀኝ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ሁለተኛው ፋይል ውስጥ አለ። ከግርጌው በስተግራ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ዋና አዘጋጁ የሰረዘው ሳያውቅ ነው፤ እኔ የፈረምኩት እያወቅኩ ነው። እሱ ጸሎት አይሰማም ባይ ሆኖ ዘጠኝ ማለዳ ዝናብ ላይ ቆሞ ሰማ። እኔ በየማለዳው እየጸለይኩ ከሱቅ ጥግ ተደብቄ አየሁ። ውሳኔው ጸንቷል፤ ይግባኝ የሚጠየቅበትም ጊዜ አልፏልና ይህ ቃሌ ሴቶቹን ከእንግዲህ አይጎዳቸውም። እስካሁን የጠበቅኩት ለዚህ ነው ብላችሁ ግን አምናችሁ አትለፉኝ፤ ግማሹ ፍርሃት ነበር።

አንተም እዚያ ከእትዬ ፊት ተቀምጠህ ይህን ገጽ የምታርመው አንተ ነህና፣ ጋሼ፣ እዚሁ ላመስግንህ። ዓምዴን ስላተረፍክልኝ አመሰግናለሁ። ለሦስቱ ሴቶች ስለቆምክ አመሰግናለሁ። እኔን ያላጋለጥከኝ ሰው ሆነህ ሳለ ውለታውን አንድም ቀን ስላላስታወስከኝ ከሁሉ በላይ አመሰግናለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ወንበሩ የእሱ ነው። ይህን የጻፍኩት ቆሜ ነው።